ከአዲስ አበባ ዳር ወደ ድሬዳዋ፦ በአውሮፕላን፣ በባቡር ወይስ በመኪና?

አክስቴ የምትኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። እኔ ደግሞ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጠይቃት ስነሳ ደወልኩላትና «በአውሮፕላን ነው የምመጣው፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነው» አልኳት። ያኔ የቤቴን በር እየቆለፍኩ ነበር። እሷ ቃሌን አምና ቡና አቀረበች፤ ጎረቤቶቿንም ጠራች። በሯን ሳንኳኳ ረከቦቱ ተነስቷል። ጀበናው ታጥቦ ተደፍቷል። ጎረቤቶቿም መርቀው ወደየቤታቸው ሄደዋል። «አንድ ሰዓት አላልሽኝም እንዴ?» አለችኝ።

አልዋሸሁም። በረራው እውነትም አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ግን ከቤቴ የወጣሁት ከጠዋቱ 12፡30 ሲሆን ከዚራ የደረስኩት 5፡15 ላይ ነው። ይህ ማለት አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋ በባቡርም በመኪናም ሄጃለሁ። የተማርኩት ነገር ቢኖር ትኬት ላይ የተጻፈው ሰዓት መሀል ከተማ ለሚኖር ሰው እንጂ ለእኛ ለዳር ነዋሪዎች ብዙም እንደማይነግረን ነው። ለእኛ ወሳኙ ጥያቄ «የትኛው ዳር ነው የምትኖሩት?» የሚለው ነው።

ሁለት ዓይነት ርቀት

ኢንተርኔት ላይ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን ርቀት ብትፈልጉ የተለያየ ቁጥር ታገኛላችሁ። ግራ አይግባችሁ። ከቦሌ ኤርፖርት ተነስቶ በአየር ላይ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር ወደ 340 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በመኪና መንገድ ሲጠቀስ ግን 515 ኪሎ ሜትር ሲባል ነው የኖረው።

ልዩነቱን የፈጠረው መሬቱ ነው። መንገዱ ከአዲስ አበባ ከፍታ በአዳማ በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። መተሃራን አልፎ አዋሽ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ሚኤሶን ያልፍና አሰበ ተፈሪ (ጭሮ) ላይ የጨርጨር ተራሮችን ይይዛል። ዞሮ ዞሮ እንደገና ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ቁልቢን ካለፈ በኋላ ደንገጎ ላይ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። አውሮፕላኑ ይህን ሁሉ ከላይ ሆኖ ያልፈዋል። ባቡሩ ከሚኤሶ በኋላ ተራራውን ትቶ በቆላው ይሄዳል። መኪናው ግን እያንዳንዷን ኩርባ ይከፍላል።

አውሮፕላን፦ አጭሩ በረራ፣ ረጅሙ ጠዋት

ወደ ድሬዳዋ ብዙውን ጊዜ የሚበረው ዳሽ 8 የሚባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። አየር ላይ የምትቆዩት ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። ገና ሻይ ተጠጥቶ ኩባያው ሳይሰበሰብ «ቀበቷችሁን እሰሩ» ይባላል።

ሂሳቡን በራሴ ጠዋት ላሳያችሁ። በረራዬ 3፡30 ላይ ነበር። ከኮዬ እስከ ቦሌ መንገዱ ባዶ ከሆነ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው። የሥራ መግቢያ ሰዓት ላይ ግን አንድ ሰዓት ከሃያ ፈጀብኝ። ተርሚናል 1 በር ላይ ፍተሻ አለ። ጫማና ቀበቶ ታወልቃላችሁ። ቼክ ኢን አድርጋችሁ ሻንጣ ታስረክባላችሁ። ከዚያ ሁለተኛ ፍተሻ አለ፤ ቀበቶው እንደገና ይወልቃል። ቀሪው መጠበቅ ነው። ድሬዳዋ ስደርስ ሻንጣ እስክይዝ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ በባጃጅ ከዚራ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ሄደ። የድሬዳዋው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ኤርፖርት ለከተማው ቅርብ በመሆኑ እዚያ በኩል ምንም ችግር የለም። ጊዜያችንን የሚበላው የአዲስ አበባው ጫፍ ነው።

አሁን 340 ኪሎ ሜትሩን ለአራት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ አካፍሉት። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይወጣል። በሰዓት 600 የሚበር አውሮፕላን ተሳፍሬ፣ ከደጃፍ እስከ ደጃፍ የሄድኩት በአንድ ደህና መኪና ፍጥነት ነው።

እንዲያም ሆኖ ከሦስቱ ፈጣኑ አውሮፕላኑ ነው። ግማሽ ቀን ያተርፍላችኋል። ዋጋው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ደግሞ ለዳር ነዋሪ የሌሊት ጣጣ አለው።

የሌሊቱን ጣጣ ልንገራችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሚነሳ በረራ ደስ ይላል፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ ያውላችኋል። ነገር ግን ከዳር ሰፈር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መውጣት አለባችሁ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ሚኒባስ ታክሲ የለም። በስልክ የሚጠራው መኪና ካለ ዋጋው ይንራል፤ አንዳንዴም ሹፌሩ መንገድ ላይ ሆኖ ይሰርዘዋል። እኔ አንድ ጊዜ ሦስት ሹፌሮች ተራ በተራ ሰርዘውብኝ ግቢያችን በር ላይ ከጥበቃው ጋር ቆሜ ነጋብኝ ማለት ይቻላል። በረራው ላይ የደረስኩት ጎረቤቴ ከእንቅልፉ ተነስቶ ስላደረሰኝ ነው። እግዜር ይስጠው። ስለዚህ የማለዳ በረራ ከያዛችሁ መኪናውን ማታውኑ ከምታውቁት ሹፌር ጋር ተነጋገሩ፣ ወይም ቦሌ አካባቢ ዘመድ ቤት እደሩ። ምርጫ ካላችሁ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ የሚነሳውን ውሰዱ። ያኔ የሥራ መግቢያው ግርግር ጋብ ይላል።

ሌላው የሰዓቱ ነገር ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 09፡30 ካለ በእኛ 3፡30 ነው። 13፡30 ካለ ከሰዓት 7፡30 ነው። ስድስት መቀነስ ነው። ቀላል ይመስላል። ግን በዚህ የተነሳ አውሮፕላን ያመለጣቸው ሰዎች አውቃለሁ፤ በተለይ ትኬቱን ልጅ ቆርጦ በስልክ ለእናት ሲያነብ ስህተት ይፈጠራል። ለእናትና ለአባት ስትነግሩ በእኛው ሰዓት ቀይራችሁ፣ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ብላችሁ ንገሯቸው።

ከውጭ አገር በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጣ እንግዳ ካላችሁ ደግሞ ለአገር ውስጥ በረራው ቅናሽ ስላለ መጀመሪያ እሱን ይጠይቅ።

ባቡር፦ ወደ እኛ የመጣው ጣቢያ

ስለ ባቡሩ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትፍረዱብኝ፤ እወደዋለሁ።

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ፈረንሳዮች ከጅቡቲ የዘረጉት ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። የአዲስ አበባው ጣቢያ መሀል ከተማ፣ ለገሃር ነበር። «ለገሃር» የሚለው ስም ራሱ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ለገሃር አልሆነም። ፉሪ ለቡ ሆነ፤ ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ዳር። ብዙ ሰው «ራቀ» ብሎ አዘነ። ልክ ነው፣ ከአራት ኪሎ ለሚመጣ ሰው ሩቅ ነው። ለለቡ፣ ለጀሞ፣ ለፉሪ፣ ለሰበታ፣ ለዓለም ገና ሰው ግን ባቡሩ ደጁ ድረስ መጣለት። ቦሌ ለመድረስ ከተማውን ለሚያቋርጥ ሰው፣ ጣቢያው በአንድ ታክሲ የሚደረስበት ሆነ።

የመንገደኛው ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ነው የተሠራው። ያን ያህል ሁልጊዜ አይሄድም። ቆላው ውስጥ ግመልና ከብት ሐዲድ ላይ ይገባል፤ አርብቶ አደሩ ሀብቱን ያጣል፣ ባቡሩም ይቆማል። ስለዚህ እስከ ድሬዳዋ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት አስቡ፤ ለመዘግየትም ትንሽ ተዉለት። እኔ ከቤት ወጥቼ ከዚራ እስክገባ አሥር ሰዓት ገደማ ፈጅቶብኛል። ድሬዳዋም አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ሰው እንደወረደ ባጃጅ ላይ ይረባረባል፤ ሻንጣ የያዘ ሰው ዋጋ ሳይነጋገር አይግባ።

መንገዱ ግን ያምራል። ጠዋት ለቡ ላይ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ከጎኔ የተቀመጡ እናት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ነበር። ቢሾፍቱ ላይ ፊታቸው ወጣ። አዳማ ላይ ጋቢው ትከሻቸው ላይ ወረደ። መተሃራ፣ የሸንኮራ አገዳው ማሳ በመስኮቱ ሲታይ፣ አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አደረጉት። አዋሽን ስናልፍ ጋቢውን እንደ ትራስ ጠቅልለው ተደግፈውት ተኙ። የትም ሳልጠይቅ የት እንደደረስን ከእሳቸው ጋቢ አወቅሁ። በመንገዱ ላይ ፈንታሌ ተራራ ይታያል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ከሐዲዱ ራቅ ብሎ ሳላ ቆሞ ታያላችሁ።

ልብ በሉ፣ ባቡሩ እንደ አውቶብስ በየቀኑና በየሰዓቱ የሚገኝ አይደለም። የጉዞውን ቀን ጣቢያው ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ አረጋግጡ። መታወቂያ ያዙ። ቀድማችሁ ድረሱ፤ እዚህም ፍተሻ አለ። ምግብና ውሃ ከቤት ያዙ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ እንቁላል ቅቅል ይበቃል። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ባቡር ከአውቶብስ ይሻላል፤ ልጅ ተነስቶ ይራመዳል፣ መስኮት ይቀይራል። አውቶብስ ውስጥ ይህ አይታሰብም።

መኪናና አውቶብስ

ለቱሉ ዲምቱ፣ ለገላን፣ ለዱከምና ለእኛ ለኮዬ ሰዎች አንድ ትልቅ ጸጋ አለ፤ የአዲስ አዳማ ፍጥነት መንገድ በራችን ላይ ይጀምራል። ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ መሀል ከተማ ሲጎርፍ እኛ ፊታችንን ወደ ውጭ እናዞራለን። ቱሉ ዲምቱ መግቢያው ላይ ካርድ ተቀብሎ ባለ ስድስት ረድፉን መንገድ የያዘ ሰው፣ ሌላው ገና መስቀል አደባባይ ሳይደርስ አዳማ ይገባል።

ከአዳማ በኋላ ነገሩ ይቀየራል። መንገዱ ጠባብ ነው። የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች እስከ አዋሽ አብረዋችሁ ናቸው። አዋሽ ላይ የጉምሩክ ኬላ አለ፤ በተለይ ስትመለሱ ፍተሻው ይጠብቃል። ከአሰበ ተፈሪ በኋላ ኩርባው ይበዛል። በግል መኪና ከኮዬ እስከ ድሬዳዋ ዘጠኝ ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ ምሳ ጨምሮ። በአውቶብስ ሙሉ ቀን ነው። ትልልቆቹ አገር አቋራጭ አውቶብሶች ገና ሳይነጋ ከመሀል ከተማ ስለሚነሱ፣ ያው የሌሊቱ ጣጣ ይመጣል። ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ የምትመጡ ከሆነ ዋዜማውን መሀል ከተማ ማደር ግድ ነው።

በመኪና ስትሄዱ በቀን ብቻ ሂዱ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ለራሴ ሰው የማዘው ይህንኑ ነው።

መኪና የሚያሸንፍበት ቦታ አለ። አራት አምስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ወጪው ለሰው ሲካፈል ከአውሮፕላኑ በብዙ ይረክሳል። ዕቃ ካላችሁም የኪሎ ገደብ አያስጨንቃችሁም። መድረሻችሁ ድሬዳዋ ሳይሆን መንገድ ላይ ያለ ከተማ ከሆነ ደግሞ ጥያቄም የለው። አሰበ ተፈሪ ወይም ሂርና የሚሄድ ሰው አውሮፕላን ቢሳፈር መልሶ ወደ ኋላ መጓዝ ነው።

ቁልቢ ገብርኤልም እንደዚሁ። ቁልቢ ያለው መንገዱ ላይ፣ ከድሬዳዋ በፊት ነው። ለታኅሣሥ 19 እና ለሐምሌ 19 ንግሥ ብዙ ሰው ድሬዳዋ በአውሮፕላን ይደርስና ተመልሶ ደንገጎን ይወጣል። በእነዚያ ቀናት የአውሮፕላኑም የባቡሩም ቦታ ቀድሞ ያልቃል፤ የአልጋ ዋጋም ይጨምራል። ለንግሡ ከሆነ የምትሄዱት፣ ጤነኛና ጉልበት ያላችሁ ከሆነ፣ በመኪና ሂዱና በራፉ ላይ ውረዱ። በአየር ካላችሁ ትኬቱን ከወር በፊት ያዙ።

እናንተስ የት ናችሁ?

አያት፣ ሰሚት፣ ጎሮ ወይም ለገጣፎ ከሆናችሁ አውሮፕላን ይሻላችኋል። ቦሌ ቅርባችሁ ነው። ለቡ ለመድረስ ግን ከተማውን ዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ሊኖርባችሁ ነው።

ለቡ፣ ጀሞ፣ ፉሪ፣ ሰበታ ከሆናችሁ መጀመሪያ የባቡሩን ቀን እዩ። ቀኑ ከተስማማችሁ ሌላ አትፈልጉ። አስቸኳይ ከሆነ ብቻ አውሮፕላን።

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ፣ ገላን፣ ዱከም ከሆናችሁ እንደ እኔ ሦስቱም ይቻላችኋል። ብቻችሁን ከሆናችሁና ከተቻኮላችሁ አውሮፕላን። ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ መኪና። የገላንና የዱከም ሰው ወደፊት ሂሳቡን እንደገና ይሠራል፤ አየር መንገዱ አዲሱን ትልቅ ኤርፖርት ያቀደው ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ ነው።

ከባዱ የሱሉልታና የቡራዩ ሰው ነገር ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ካለው ከሱሉልታ ብርድ ወርዳችሁ፣ እንጦጦን ተሻግራችሁ፣ ወደ የትኛውም መነሻ መሀል ከተማውን ማለፍ አለባችሁ። ሁሉም እኩል ከራቀ ፈጣኑን መውሰድ ነው። የከሰዓት በረራ ያዙ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ከቤት ውጡ። የክረምት ጭጋግ ሲኖር ደግሞ ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት።

አዛውንት ወይም ታማሚ ይዛችሁ ከሆነ ሰፈር አትቁጠሩ። አውሮፕላን ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ከሁለት ዓመት በፊት በአውሮፕላን ስወስዳት «ገና ጋቢዬን ሳላስተካክል ደረስን እኮ» አለችኝ። ዊልቸር ከፈለጋችሁ ትኬቱ ሲቆረጥ ተናገሩ፤ በር ላይ ስትደርሱ መጠየቅ ያዘገያል።

ሲመለሱ

ስለ መሄድ ስናስብ መመለሱን እንረሳዋለን። የማታ በረራ ቦሌ የሚያርፈው ምሽት 2 ሰዓት ቢሆን፣ ሻንጣ ይዛችሁ ስትወጡ 3 ሰዓት ይጠጋል። ወደ ዳር የሚሄድ ታክሲ በዚያ ሰዓት ሳስቷል። የመኪናው ዋጋ ከከሰዓቱ ሌላ ነው። ስለዚህ መመለሻችሁን ቀን ላይ አድርጉት። ባቡሩም ለቡ የሚገባው ቀኑ ካለቀ በኋላ ነው፤ ከዘገየ ይመሻል። ጣቢያው አካባቢ የማይኖር ሰው የሚቀበለው ሰው ቢያዘጋጅ ይሻላል።

እኔ አሁን የምሄደው በባቡር ነው፤ የምመለሰው በቀን በረራ። መሄጃዬ ላይ ጊዜ አለኝ። መመለሻዬ ላይ ሥራ ይጠብቀኛል፤ ዘምቢሌም በአክስቴ መንደሪንና ሃልዋ ይሞላል። ድሬዳዋ ጣቢያ ስወርድ የባጃጁ ልጅ፣ በዕድሜ እናቱ ብሆንም፣ እንደ ድሬ ደንብ «አንቺ፣ ነይ ግቢ» ይለኛል። ደስ እያለኝ እገባለሁ። ለአክስቴ የምደውለውም ያኔ ነው፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ። «ቡናውን አሁን ጣጂው» እላታለሁ። ስደርስ ጀበናው ገና እየፈላ ነው።